በአሮጌው ስም የሚጣራ ሰው

አዲስ አበባ፣ ጥር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለሰርካለም፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ፤ ድካምሽን ለማዳምሽ ያድርገው። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ሐይቅ ደርሼ ስመለስ ያሸከመችኝን ምርቃት ሁሉ ልጻፈው ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፤ «የእመቤቴ ጥላ አይለይሽ» የሚለውን ብቻ ልኬልሻለሁ፣ የቀረውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

በኅዳር ያ ሁሉ ያገራችን ሰው ከሪያድ ሲባረር፣ ቦሌ እየተገተርኩ ከሚወርዱት መካከል ፊትሽን ስፈልግ ሰነበትኩ። ወረቀትሽ የተስተካከለ ስለሆነ ቀረሽ። ደስ ይበለኝ ወይ ይክፋኝ እስካሁን አላወቅኩም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለመመረቂያ አንቺና እኔ የሠራነውን ዲበገር መምህራችን ይልማ ቢሮ ሲከፍት ይዞት ወጣ፤ እኔንም አስከትሎ። እናትሽ «ሥራህ ምንድን ነው?» ስትለኝ «ሌላ ፕሮግራም ሲታመም አስቁሞ የት ጋ እንዳመመው የሚያይ ነገር እንሠራለን» አልኳት። «ሐኪም ሆንክ በለኛ!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው፤ አሁን ወገቡን ያመመው ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል።

ይልማ የጥገና ትእዛዞቹን ስም በሙሉ ቀይር ብሎኛል። እነዚያን ዲበገሩ ራሱ ሲታመም እኛው ሆዱን ገልጠን የምናይባቸውን። አንዱ «አሳይ» ብሎ ይጀምራል፣ አንዱ «አውጣ»፣ ያንቺዎቹ ደግሞ ጭራሽ ጉድ ናቸው። ሁሉም «ጥገና» ብለው ጀምረው በሥርዓት ይሰለፉ ተብሏል። እስቲ ንገሪኝ፣ «ጓዳ» ምን ያደርጋል? «ዓለምወርቅ»ስ? በገዛ እናትሽ ስም ትእዛዝ ሰይመሽ ሄድሽ፤ አዳዲሶቹ ሠራተኞች ምንድን ነው ሲሉኝ «አክስቴ ናት» እላለሁ።

እናትሽ ፎቶ ትፈልጋለች። ፊትሽን አይደለም፣ አንገትሽን። «ማተቧ የማይታይበትን ፎቶ እንዳትልክልኝ በላት» ብላለች። ማተብሽ እኔ ጋ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቦሌ ፈትተሽ እንደሰጠሽኝ በመሀረብ ጠቅልዬዋለሁ። ምን ልበላት?

የአጎትሽ ልጅ አምሳሉ

ሪያድ፣ ሺፋ፣ መጋቢት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ለአምሳሉ፣

ጤናህ ይብዛ፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ ከፊት የሸሸው ጠጉርህም ልብ ገዝቶ ይመለስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አየህ፣ ብዕሬም አረብኛ ለመደ።

ደብዳቤህን ያሲን ከውሃ ቦቴው ጋር አመጣልኝ። የወረባቦ ልጅ ነው፤ ዐዚዚያ ካለው የቦቴዎች ማቆሚያ ውሃ ጭኖ የቤታችንን ታንከር ሊሞላ ይመጣል። እኔ ቱቦውን እይዝለታለሁ፣ ወረቀት የምንቀባበለው ያኔ ነው። ማዳም ስልክ መያዝ አትፈቅድም። በወር አንዴ በቤቱ ስልክ ከእማዬ ጋር ታገናኘኛለች፣ ያውም እላዬ ላይ ቆማ።

«ጓዳ» ዲበገሩ አስታውሶ ያስቀመጠውን ሁሉ ዘርግፎ ያሳይሃል። «ዓለምወርቅ» ደግሞ ከላይ እስከ ታች እየዞረ የጎደለ ወይም የተሰበረ ነገር መኖሩን ይፈትሻል። እማዬን ረሳሃት? በሩን ነክታ፣ ምድጃውን አይታ፣ ከዚያ የእያንዳንዳችንን ራስ ዳብሳ ካልዞረች መች እንቅልፍ ይወስዳታል? አንተ እንኳ ለዕረፍት ስትመጣ ራስህን ትዳብስ ነበር።

ቀይረው፣ አይከፋኝም። ትንሽ ይከፋኛል። ግን አሮጌውን ስም አታጥፋው፤ ተለዋጭ ስም አድርገህ ከአዲሱ ጋር እሰረው። ያኔ ለመመረቂያ ስንሠራ በቡድናችን ውስጥ እስኪሰለቻችሁ የምላችሁን አስታውስ፦ በአሮጌው ስም የሚጣራ ሰውም ቤቱ ይድረስ።

ስለ ስም ካነሳህ አይቀር፣ እዚህ ሰርካለም የምትባል የለችም። ፓስፖርቴም የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማውም ዘይነባ ነው የሚሉት። ደላላው «በክርስቲያን ስም ሥራ የለም» ብሎ ሲያወጣልኝ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ባለፈው ከእማዬ ጋር ሳወራ ማዳም ከወጥ ቤት «ዘይነባ!» ብላ ጮኸች። እማዬ ሰማች። «ዘይነባ ማናት?» አለችኝ። ምላሴ ቀደመኝና «አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፣ የወሎ ልጅ» አልኳት። «ጎሽ፣ እህትሽ አድርጊያት፤ እናቷን ብትናፍቅ እናቴ አለችልሽ በያት» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አምሳሉዬ፣ አንተ ንገርልኝ። ማዳም አጠገቤ ቆማ እንዴት ብዬ ልንገራት? ሐይቅ ሂድ፣ ቁጭ በል፣ «ስሙ የወረቀት ነው፣ እምነቷ ያው ነው» በላት። ሃይማኖቴን የሸጥኩ እንዳይመስላት። አንድ ነገር ብሆን የሚጠሩኝ ዘይነባ ብለው ነው። ያኔ የኔ ናት የሚል ሰው ካጣሁ ምን እሆናለሁ?

እህትህ ሰርካለም

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእታለም ለሰርካለም፣

ሙቀቱ ይብረድልሽ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ልቡ ይራራልሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጠጉሬ ግን ምክርሽን አልሰማም።

ሐይቅ ሄጄ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግራት ብዬ ነው የሄድኩት። ስደርስ የማርያም ጽዋ ተረኛ እሷ ሆና ቤቱ በሴት ተሞልቷል። ሁሉም ስላንቺ ይጠይቃል። እናትሽ ጠላውን እየቀዳች «ልጄ አረብ አገር ተቀምጣም ማተቧን አልበጠሰችም!» ትላለች፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። በዚያ መሀል ምን ብዬ አፌን ልክፈት? በማግሥቱ ደግሞ በሶ ስትፈጭ ዋለች። ይኸው ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። ሁለት ከረጢት ነው፤ አንዱ የዘይነባ ነው። «የዚያች ልጅ እናት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ እኩል ይካፈሉ» ብላለች።

አይዞሽ፣ ለመስቀል እነግራታለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ስሞቹን ጨርሻለሁ። «ዓለምወርቅ» አሁን «ጥገና ፈትሽ ሁሉን» ተብላለች። አሮጌዎቹንም እንዳልሽው በተለዋጭ ስምነት አስሬያቸዋለሁ፤ አንዱን የጠራ ሰው «ይህ ስም ተቀይሯል» ተብሎ ወደ አዲሱ ይመራል። ይልማ ግን ለአንድ እትም ብቻ ነው፣ ከዚያ ይጠፋሉ ይላል። «አሮጌ ስም ካልጠፋ አዲሱን ማንም አይለምደውም» ነው የሚለው። ተከራክሬው ነበር፣ ብዙም አይደለም።

ፎቶውን አሁንም ትጠይቃለች።

አምሳሉ

ሪያድ፣ ሺፋ፣ ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም፣

በያለህበት ክፉ አይንካህ፤ መንገዱም የሐይቅ መንገድ ይሁንልህ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልክ? አንተስ ሳታፈስም ሳትለቅምም ልታረጅ ነው።

በሶው ደረሰኝ። የሰርካለምን ከረጢት በልቼ ጨረስኩ። የዘይነባ ተራ ሲደርስ ግን እምቢ አለኝ፤ የሰው የሰረቅኩ መሰለኝ። መስቀል አለፈ፣ አልነገርካትም፤ ሰሞኑን ስንነጋገር ነው ያወቅኩት። «ዘይነባስ? በሶውን ወደደችው?» አለችኝ። «ወደደችው እማዬ» አልኩ። «የሚያገባት ሰው አላገኘችም?» አለች። ሳታውቅ ለገዛ ልጇ ባል ትፈልጋለች፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

አሁን የምነግርህን ለብቻህ ያዘው። አንገቴ አብጧል። እንቅርት ነው ብዬ ዝም አልኩት፤ እያደር ምራቅ መዋጥ ከለከለኝ። ማዳም ራሷ ናት ሐኪም ቤት የወሰደችኝ፣ ክፉ ሰው አይደለችም። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አሉ። ድምፅሽ ሊሄድ ይችላል፣ ምናልባት ይመለሳል ምናልባትም አይመለስም አሉኝ። እንግዲህ የአንገቴን ፎቶ ከየት ላምጣላት? ማተብ የለው፣ አንገት የለው።

የፈራሁት ቢላውን አይደለም። አፍ ከሌለኝ የማን ልጅ መሆኔን ማን ይናገርልኛል? የማስታውሰው ስልክ ቁጥር የእማዬን ብቻ ነው። ለሆስፒታሉም እሱን ነው ያስመዘገብኩት። ደውለው ዘይነባ ቢሏትስ?

ኸላስ፣ በቃ አምሳሉ። ከእንግዲህ በዓል አትጠብቅ። ያሲንም ኢቃማው ተቃጥሏል፣ ቀኑ አልፎበታል፤ በየመንገዱ ፍተሻ ነው፣ ዛሬ ነገ መያዙ አይቀርም። እሱ ከሄደ ወረቀት የሚያመላልስልን የለም።

ሰርካለም

አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእታለም ለሰርካለም፣

ፈጣሪ የሐኪሞቹን እጅ ይምራልሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። እንጦጦ ማርያም ተስዬልሻለሁ፤ ስትመጪ አብረን እንወጣለን።

አልነገርኳትም። ስደቢኝ። ለገና ደርሼ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። ቀና ብላ ስታየኝ «በጉ ጥሩ ነው» አልኩ። በጉን! ፊቷን ስታዪው እኮ ሌላ ነው። ያንን ኩራቷን ከአፏ የምነጥቃት ይመስለኛል።

በቢሮም ነገር ተበላሽቶብኛል። አዲሱ እትም ሲወጣ ተለዋጭ ስሞቹን አጠፋናቸው። ባለፈው ሳምንት አዳማ ያለ አንድ ደንበኛችን ጋ ዲበገሩ ራሱ ታመመ። የእነሱ ሰው ከድሮ የለመደውን «ዓለምወርቅ» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም» አለው። ሰውየው መፈተሻው ከነጭራሹ ተነሥቷል ብሎ አምኖ ተወው። መፈተሻው እኮ እዚያው ነበር፤ ስሙ ነው እንጂ የተለወጠው፣ ከውስጡ አንዲት ፊደል አልተነካችም። የሰባት ወር ሥራቸው ተበላሸ። ይልማ ሲጮህብኝ እኔ የማስበው አንቺን ነበር።

ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ይህን አላሳልፍም። በአባቴ አጥንት ምያለሁ።

አምሳሉ

ሪያድ፣ ሆስፒታል፣ መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

አምሳሉዬ፣

በሰላም ያስነብብህ። ጽሕፈቴ የተንሻፈፈው ተጋድሜ ስለምጽፍ ነው።

ከወጣሁ ሰነበትኩ፣ ማለቴ ከቢላው። አንገቴ ላይ ቱቦ አለ፤ ድምፅ የለኝም፣ ሹክሹክታ እንኳ። ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም። ማዳም አንድ ጊዜ መጥታ ራሴን ስማኝ ሄደች። ያሲን መባረሩን ከእሷ ሾፌር ሰማሁ። ክፍሉን የምታጸዳ ናጃት የምትባል የደሴ ልጅ አለች፤ እሷ ናት ከንፈሬን በውሃ የምታርስልኝ። ጠርዙ የጠቆረ ዐይን አላት፣ ሁሌ ታዛጋለች፣ ሁሌ ትስቃለች።

ቅዳሜ ዕለት ናጃት አዘነችልኝና ፋይሌ ላይ ያለውን ቁጥር ነርሷን አስነብባ በራሷ ስልክ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው። እማዬ አነሳች።

«እትዬ፣ የዘይነባ እናት ነዎት?»

«አይ ልጄ፣ የጓደኛዋ እናት ነኝ። ምነው?»

«ታማለች። ሆስፒታል ናት። ቤተሰቤ ናት የሚላት ሰው እየፈለግን ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ውይ የሰው ልጅ! እኔ እንኳ እናቷ አይደለሁም። ልጄ ሰርካለም አብራት አለች፣ እሷን ጠይቋት፤ ወላጆቿን ታውቃለች።»

«ሰርካለም የምትባል እዚህ የለችም እትዬ።»

«ትኖራለች፣ ደህና አርገሽ ፈልጊያት። እመቤቴ ለእናቷ ታብቃት።»

ከዚያ የናጃት ካርድ አለቀ። እጄን አነሳሁ፣ አውለበለብኩ። ናጃት ውሃ የጠየቅኳት መሰላትና አጠጣችኝ።

በማግሥቱ «ሰርካለም እኔ ነኝ፣ መልሰሽ ደውይ» ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ ሳቀች፣ አፈረች። ፊደል አልቆጠረችም። ነርሶቹ አማርኛ አያውቁ፣ በእንግሊዝኛ ብጽፍላቸው የስሜ ጉድ ማዳም ጆሮ ይደርሳል፣ ስም ደግሞ በእጅ ምልክት አይነገር። ያላ፣ ይሁን ብዬ ተውኩት። አንተን አልረግምህም። እኔም ብሆን ፊቷን እያየሁ አልችልም ነበር፤ ለዚህ አይደል ባንተ ላይ የጣልኩት? ግን ከፋኝ። እማዬ ራሳችንን ሳትዳብስ አትተኛም፤ ያን ቀን የኔን ዘልላ ተኛች፣ ያውም እየመረቀችኝ።

ናጃት ሐምሌ ላይ ኮንትራቷን ጨርሳ አገር ትገባለች። ይህን ወረቀት አሽጌ እሰጣታለሁ፤ አገር ቤት አድራሻውን የሚያነብላት አታጣም። እስከዚያ በራሴ እግር ቀድሜያት ብመጣ ደግሞ አብረን እንቀደዋለን።

ሰርካለም

አዲስ አበባ፣ መስከረም 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ባለሽበት ሁሉ፣

እህቴ፣ ሰላም በይኝ። ሌላ ሰላምታ ጠፍቶኛል።

ፋሲካን አላሳለፍኩም፣ ግን ነገሩ ቀድሞኝ አለፈ። ሐይቅ ስደርስ እናትሽ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ «ያች ዘይነባ ታማለች አሉኝ፤ ሰርካለምም በወሩ አልደወለችልኝም፣ እሷን እያስታመመች ይሆናል» አለችኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ደላላውን፣ ፓስፖርቱን፣ አንገትሽን። ማተብሽን ከመሀረቡ ፈትቼ እጇ ላይ አኖርኩ።

ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልወጣትም። «ማን አላት ብላ ስትጠይቀኝ፣ የኔ አይደለችም ያልኩት እኔ ነኝ?» አለች። ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ አፏን በመዳፏ መታችው፣ እጇን እስክይዛት ድረስ። ቀጥላ ወደኔ ዞረች። «እኔን ነው የፈራኸኝ? ስም ቀየረች ብዬ የወለድኳትን የምጥል መሰለህ? አንተስ እኔን ታውቀኛለህ?» ብላ አለቀሰች። ሰርካለም፣ ከዓመት በላይ የፈራነው ነገር አልነበረም። ባዶ ነበር። ይሄ ነው የሚገድለኝ።

ናጃት የደወለችበት ቁጥር ከእናትሽ ስልክ ጠፍቶ ነበር፤ አሮጌው ስልክ ጥቂት ጥሪ ብቻ ነው የሚይዘው። ሺፋ ያለውን ቤት ቁጥር አገኘሁና ደወልኩ። አንድ ወንድ አንሥቶ «ዘይነባ ማፊ»፣ የለችም ብሎ ዘጋው። ዳግመኛ አልተነሣም።

ነሐሴ ላይ ናጃት ቢሯችን ድረስ መጣች። ደብዳቤሽን እንደታሸገ ሰጠችኝ፤ «የሰው ምሥጢር ነው ብዬ ለማንም አላስነበብኩም» አለች። ሌላ ፎቅ እንድታጸዳ ተመድባ ነበርና፣ ካገሩ ከመውጣቷ በፊት ልትሰናበትሽ ወደ ክፍልሽ ብትወጣ አልጋሽ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች ከማለት በቀር የነገራት የለም። ይዣት ሐይቅ ሄድኩ። እናትሽ ድምፅዋን ለይታ አወቀችው። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ናጃት ቀድማ አቀፈቻት። ሁለቱ ተቃቅፈው እንደቆሙ ናጃት «አንቺ አይደለሽም እናቴ፣ ሰርካለም የለችም ያልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። እሷም «የለም፣ እኔ ነኝ» ትላለች። ማን ይለያቸው?

ለሚመለከታቸው ሁሉ ሁለቱንም ስምሽን ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ እየፈለጉ ነው። ይህን ደብዳቤ ለዑምራ የሚሄዱ የሐይቅ ሰው ይዘውታል። ፖስታው ላይ ሁለቱንም ስምሽን ጽፌበታለሁ።

በቢሮም አሮጌ ስሞቹን መለስኳቸው። ይልማ ሊከራከረኝ አፉን ከፍቶ ፊቴን አየና ተወው። አሁን «ዓለምወርቅ» ብሎ የጠራ ሰው በቀጥታ ይደርሳል።

እናትሽ ማተብሽን ከራሷ ማተብ ጋር ደርባ አሥራዋለች፤ እሷ ስትመጣ እፈታዋለሁ ትላለች። ስልኩ ከእጇ አይወርድም። ጽዋ ላይም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅም ይዛው ነው የምትሄደው። ትናንት ለዓውደ ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነበር። ጠሪው የእህል ነጋዴው ነው፣ ጤፉ መጥቷል ሊላት። እሷ ግን አፉን እስኪከፍት አልጠበቀችም።

«አቤት!» አለች፣ ከተቀመጠችበት ተነሥታ። «የዘይነባ እናት ነኝ። ልጄ ናት፣ የኔ ናት። የት ናት?»

አምሳሉ